ሪሲቨሩ ለሪሞት አልታዘዝ ሲል

የሪሲቨርዎ ሪሞት በድንገት መሥራት እንዳቆመ፣ ባትሪ ድንጋዩን በአዲስ ቢቀይሩለትም ለውጥ እንዳላገኙ፣ ሪሲቨሩ ግን በፊቱ ባሉት ቁልፎች ቻናል እንደሚቀይር ገልጸው፣ አዲስ ሪሞት መግዛት እንዳለብዎ ጠይቀዋል።

ለመግዛት አይቸኩሉ። ሪሲቨሩ በራሱ ቁልፎች መታዘዙ ዋናው ቦርድ ደህና መሆኑን ስለሚጠቁም፣ የሚጠረጠሩት ሪሞቱና የሪሲቨሩ ተቀባይ ዓይን ናቸው። ሁለቱን ለመለየት የስልክዎ ካሜራ ይበቃል። ሪሞት ትእዛዝ የሚልከው ዓይናችን በማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ በሰከንድ 38,000 ጊዜ ያህል ይበራል፤ ይጠፋል። ክፍሉን ጨለም አድርገው የሪሞቱን ጫፍ ወደ ስልኩ የፊት ካሜራ ያዙሩና ቁልፍ ይጫኑ፤ የኋላው ካሜራ ይህን ብርሃን የሚያግድ ማጣሪያ ሊኖረው ይችላል። አስቀድመው በሚሠራው የቴሌቪዥን ሪሞት ቢሞክሩት ካሜራው ብርሃኑን ማየት መቻሉን ያረጋግጣሉ።

ነጭ ወይም ሐምራዊ ብልጭታ ካልታየ ችግሩ ሪሞቱ ውስጥ ነው። በእኔ ልምድ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የባትሪው ማቀፊያ ሽቦ ነው። በቅርቡ የከፈትኩት አንድ ሪሞት ጥቅልል ሽቦው ከላይ ያብረቀርቅ ነበር፤ ከቦርዱ ጋር የተበየደበት ሥሩ ግን፣ ካረጀ ባትሪ የፈሰሰ ፈሳሽ በልቶት አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ስለነበር፣ በጣቴ ገፋ ሳደርገው ተነቀለ። እንዲህ ባለው ሪሞት ላይ አዲስ ባትሪ ቢደረግበትም ኤሌክትሪኩ ቦርዱ ጋ አይደርስም። ዝገቱ ቀላል ከሆነ ኮምጣጤ በነካ ጥጥ ያጽዱት፤ በደንብ ካደረቁት በኋላ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ ያድርጉት። አሮጌና አዲስ ባትሪ ቀላቅሎ መጠቀም ለዚህ መፍሰስ ስለሚዳርግ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ።

የማይሠሩት አንዳንድ ቁልፎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ከጎማው ሥር ያሉትን ጥቋቁር ነጥቦችና ትይዩ የሆነውን ቦርድ በአልኮል እንዲያጸዱ እመክርዎ ነበር፤ ነጥቦቹ ግን መፋቅ የለባቸውም።

ብልጭታው ከታየ ፊትዎን ወደ ሪሲቨሩ ያዙሩ። ቤታችንን ለማሳመር የምናለብሰው ዳንቴል ወይም ከፋብሪካ የመጣው ስስ ፕላስቲክ ዓይኑን ጋርዶት ሊሆን ይችላል። ከቴሌቪዥን ጀርባ የሚቀመጥ ትንሽ ሪሲቨር ከሆነ፣ በቀጭን ገመድ የሚወጣው ዓይን መሰኪያው እስከ መጨረሻው መግባቱን ይመልከቱ። በዓይኑ ላይ የሚያርፍ የቀጥታ ፀሐይም ምልክቱን ያውካል።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ከጎረቤት ተመሳሳይ ሞዴል ሪሞት ተውሰው ይሞክሩ። በእሱ ከሠራ የእርስዎ ሪሞት ቢያበራም የሚልከው ምልክት ተዛብቷል ማለት ነው፤ ከወደቀ በኋላ ውስጡ ያለው ሪዞናተር (የምልክቱን ፍጥነት የሚቆጣጠር ትንሽ ዕቃ) ሲሰነጠቅ ይህ ሊያጋጥም ይችላል። ያን ጊዜ አዲስ ይግዙ፤ በመልክ አንድ ዓይነት የሆኑ ሪሞቶች የተለያየ ኮድ ሊኖራቸው ስለሚችል ግን ከሪሲቨሩ ጀርባ ወይም ሥር ያለውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንስተው ይሂዱ። በተዋሱትም ካልሠራ የሪሲቨሩ ዓይን ተበላሽቷል። ባለ ሦስት እግር ትንሽ ዕቃ ናት፤ ጠጋኝ በቀላሉ ይቀይራታል። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም የፓወር ክፍሉ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ስለሚችል ሪሲቨሩን እርስዎ እንዳይከፍቱት አደራ እላለሁ።