«አባዬ ዝም በል፣ እኔ ላናግረው»

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ 18 ዓመት ታክሲ ነድቷል። የ14 ዓመት ወንድ ልጅና የ9 ዓመት ሴት ልጅ አሉን። አማቴም ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን ናቸው። በኦክቶበሩ የሦስት ቀን ዕረፍት ሸናንዶዋ ፓርክ ሄደን ድንኳን ውስጥ እንደር ያለው ራሱ ባለቤቴ ነው። ዓርብ ደረስን። አማቴ ቀዩን ቅጠል አይተው ‹ምነው ዛፉን ምን ነካው?› እያሉ፣ ሽሯቸው ድብ እንዳይጠራ ተብሎ መኪና ውስጥ ሲቆለፍባቸው ደግሞ ‹ዓርብ አይደል፣ ድቡ አይጾምም?› እያሉ ሲያስቁን ዋሉ። ቅዳሜ ማታ እሳት አንድደን ሬንጀሩ (የፓርኩ ጠባቂ) መጣና ከቤት ያመጣነውን እንጨት ማንደድ እንደማይቻል ነገረን። ባለቤቴ ሊያስረዳው ሲጀምር ልጃችን መሐል ገብቶ ‹አባዬ ዝም በል፣ እኔ ላናግረው› አለ። ለሰውየው ደግሞ በእንግሊዝኛ ‹ይቅርታ፣ አባቴ ስለማያውቅ ነው› አለው። እኔ ሳላስበው ሳቅኩ። ባለቤቴ ቃል አልተነፈሰም። ድንኳኑን ነቀለ፣ በሌሊት ወደ ቤት ተመለስን። ይኸው ሦስት ሳምንት ልጁን አያናግረውም። አማቴ ‹የአባቱን ጉልበት ስሞ ይቅርታ ይጠይቅ› ይላሉ። ልጁ ‹ላግዘው ብዬ ነው፣ ምን አጠፋሁ?› ይላል። የተረፈው እንጨት እንኳ እስካሁን የመኪናው ትራንክ ውስጥ ነው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያነበብኩት እንደ አባት ነው፣ ደሜ ፈላ። አባቱን «ዝም በል»? እኔ በ14 ዓመቴ ይህን ብል ኖሮ ዛሬ ይህን መልስ የሚጽፍልሽ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን ረጋ አልኩና ሌላ ነገር ታየኝ።

የእንጨቱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ሬንጀሩ ልክ ነው። ሸናንዶዋ ውስጥ ከውጭ የሚገባ ማገዶ በሙቀት ታክሞ ማረጋገጫ ያለው መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ቅርፊቱ ሥር ተደብቀው የሚጓዙ ነፍሳት ጫካ ይጨርሳሉ። ከእስያ የገባች አንዲት አረንጓዴ ጥንዚዛ ብቻ አሜሪካ ውስጥ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ዛፍ አድርቃለች። ባልሽ ይህን አለማወቁ ግን ነውር አይደለም። እኛ አገር እንጨት ይዞ የመጣ ሰው ይመሰገናል እንጂ አይጠየቅም።

አሁን ያቺን ደቂቃ እንደገና እንያት። መሽቷል። ባርኔጣ ያደረገ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ባትሪ ይዞ ወደ እሳቱ ይመጣል። ባልሽ ይነሳል፣ ወደ ሰውየው ይጠጋል፣ እጁን እያወናጨፈ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስረዳል። እንዲህ ያደረገው ተቆጥቶ አይመስለኝም። እኛ ስናስረዳ እንዲህ ነን፣ ያላየን ሰው የተጣላን ይመስለዋል። አንቺና አማትሽ ያያችሁት አንድ ጨዋ ሰው ጉዳዩን ሲያስረዳ ነው።

ልጅሽ ምን አየ? እሱ ተወልዶ ያደገው እዚህ አገር ነው። ጥቁር ነው፣ ቁመቱም አሁን አሁን ከአንቺ ሳይበልጥ አይቀርም። በ2020 ፖሊስ የገደለው የጥቁሩ ሰው የጆርጅ ፍሎይድ ቪዲዮ በየስልኩ ሲዞር እሱ ገና ሕፃን ነበር፣ ግን ልጆች እንደማያዩ አድርገን የምናስበው ነገር ሁሉ ያዩታል። ዩኒፎርም ፊት ድምፅ ከፍ አይደረግም፣ አይጠጋም፣ እጅ ቀስ ይላል። ይህን አንቺ ባትነግሪው ትምህርት ቤት ጓደኞቹ ነግረውታል። ሬንጀሩ ምናልባት በጣም ጥሩ ሰው ነው፣ ልጁ ግን ይህን በምን ያውቃል? እና ለእናንተ ድፍረት የመሰለው ነገር ለእሱ አባቱን ከአደጋ ማውጣት ሊሆን ይችላል። አንቺ በአባቱ እንግሊዝኛ ያፈረ መስሎሻል። እኔ ደግሞ የፈራ ይመስለኛል።

ልጁን ስላላገኘሁት ልሳሳት እችላለሁ። ስለዚህ ጠይቂው። «ለምን እንዲህ አልክ?» ካልሽው መከላከል ይጀምራል። «ያኔ ምን ይመጣል ብለህ ነበር?» በይው። ቁጭ አድርገሽ ፊት ለፊት እያየሽው ሳይሆን መኪና ውስጥ፣ ሁለታችሁም መንገዱን እያያችሁ። የዚህ ዕድሜ ልጆች ዓይን ለዓይን ሲገጥሙ ይዘጋሉ፣ ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን አንዳንዴ ሳይታሰብ ይዘረግፉታል።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ዳያስፖራ ያደጉ ልጆቻችን አማርኛ ከየት የመጣ ነው? ከእኛ አፍ። ምን ስንላቸው ነው የሚሰሙት? ና። ብላ። ተኛ። ስልኩን አስቀምጥ። ዝም በል። «ቆይ እስቲ አባዬ፣ ካልከፋህ እኔ ልሞክር» የሚለውን አማርኛ የሚሰሙበት ቦታ የለም፣ ማንም ለእነሱ እንዲህ ብሎ አያወራምና። ልጅሽ ሲደነግጥ እጁ ላይ የነበረውን ቃል አነሳ። ቃሉ ደግሞ የእኛው ነው። (የኔንም ቤት እየጨመርኩ ነው፣ አንቺን ብቻ ለመውቀስ አይደለም።)

ወደ ባልሽ ልመለስ። እሱን የወጋው «ዝም በል» ብቻ አይመስለኝም። «ስለማያውቅ ነው» የሚለው ነው። 18 ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ ተከራክሮ፣ መንገድ አስልቶ፣ ሰካራም አስታግሦ እንጀራ የበላ ሰው ነው። ጉዞውን ያሰበው እሱ፣ ድንኳኑን የተከለው እሱ። እናቱ ደግሞ እዚያው ተቀምጠዋል። እንግሊዝኛውን ባይሰሙም የልጃቸውን ፊት አይተዋል። በዚህ ላይ ያንቺ ሳቅ መጣ። ሰው ሲጨንቀው ይስቃል፣ እኔም ለቅሶ ቤት ስቄ አውቃለሁ፣ ስለዚህ አልኮንንሽም። እሱ የሰማው ግን ቤተሰቡ ሁሉ ሲስቅበት ነው። ስለዚህ ከልጁ በፊት ይቅርታ የሚቀድመው ያንቺ ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ በአጭሩ፦ «ያን ማታ መሳቄ ልክ አልነበረም። ደንግጬ ነው። አንተን ብቻህን እንደተውኩህ ገባኝ።» እዚያ ላይ አቁሚ። «ግን አንተም...» ብለሽ ከቀጠልሽ ሁሉም ዜሮ ነው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። የኢንሹራንስ ደብዳቤ ቤታችሁ ሲመጣ ማን ነው የሚያነበው? በብዙ ቤት መልሱ ልጁ ነው። በ9 ዓመቱ ከባንክ ጋር ስልክ ያወራል፣ ክሊኒክ ውስጥ የእናቱን ሕመም ያስተረጉማል፣ ማታ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ «ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ አትግባ» ይባላል። ቀን ጠበቃ፣ ማታ ሕፃን። ለወላጆቻቸው የሚያስተረጉሙ ልጆች አንዳንዶቹ በዚህ ይኮራሉ፣ አንዳንዶቹ ሸክሙ ይከብዳቸዋል። እኔ እንዳየሁት ብዙውን ጊዜ ልዩነቱን የሚያመጣው ቤተሰቡ ሥራውን ማየቱና ማመስገኑ ነው። እናንተም ቤት እንዲህ ከሆነ ልጁ ሬንጀሩ ፊት የሠራው ሁልጊዜ የምታሠሩትን ሥራ ነው፣ ያን ቀን ግን ማንም አላዘዘውም። የሚያስፈልገው አንዲት ልማድ ናት፤ ከመግባቱ በፊት «አባዬ፣ ላግዝህ?» ብሎ መጠየቅ። አባትየውም «አይ፣ ይዤዋለሁ» የማለት መብት ይኑረው፣ እንግሊዝኛው ቢሰባበርም።

የአማትሽን ሐሳብ አልንቀውም። ጉልበት ስሞ ይቅርታ መጠየቅ ስንት ቤት አስታርቋል። ግን አሁን አይደለም። ልጁ አባቴን አዳንኩ ብሎ በሚያስብበት ሰዓት በግድ ቢያጎነብስ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ልቡ ይደነድናል። መጀመሪያ ይነጋገሩ፣ መሳሙ ራሱ ይመጣል። እስከዚያው ለአማትሽ ሌላ ሥራ ስጪያቸው። አባትየው በ14 ዓመቱ የሠራውን ጥፋት ለልጁ ያጫውቱት። እሳቸው የሚያውቁት አንድ ጉድ መቼም አይጠፋም።

አንቺ ደግሞ መልእክት ማመላለሱን አቁሚ። «ምሳ ቀርቧል በለው»፣ «ቁልፉን ይስጠኝ በይው» የሚባለውን ማለቴ ነው። አንቺ ፖስታ ቤት እስከሆንሽላቸው ድረስ መነጋገር አያስፈልጋቸውም።

ወንድሜ፣ ይህን አንብበህ ከሆነ ላንተም ሁለት ቃል አለኝ። ማዘንህ ይገባኛል። አንድ ሁለት ቀን ማኩረፍ ቁጣ ያበርዳል። ሦስት ሳምንት ሲሆን ግን ልጁ ጥፋቱን ማሰብ ትቶ «አባቴ ይጠላኛል» ወደሚለው ይሄዳል። ትልቁ አንተ ነህ፣ የምትጀምረውም አንተ ነህ። «ያን ቀን የተናገርከው አሞኛል። አንተስ ምን ሆነህ ነበር?» በለውና ዝም ብለህ ስማው። ያ ጥያቄ ምክር ካስከተለ ልጁ ይዘጋብሃል። ዝምታው ወደ ሌላው ቤተሰብ ከሄደ፣ እንቅልፍ ካጣህ ወይም መጠጥ ካበዛህ ግን ደብዳቤ አይበቃም፣ ባለሙያ ፊት ለፊት አነጋግር።

ጉዞውንስ? ይደገም፣ ግን ሁለቱ ብቻቸውን፣ ደርሰው የሚመለሱበት። ፓርኩን አቋርጦ የሚሄደው መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ፣ 105 ማይል ነው፣ ከ35 ማይል ፍጥነት በላይ አይነዳበትም፣ ለወሬ የተሠራ መንገድ ይመስላል። 51ኛው ማይል ላይ ካለው ሜዳ፣ ከቢግ ሜዶውስ፣ ወርደው ትንሽ ይራመዱ። ቅጠሉ እስከዚያ ረግፎ ይሆናል፣ ግን ዛፉ ሲራቆት ሸለቆው ወለል ብሎ ይታያል። ጃኬት አይርሱ፣ ላይኛው ቦታ ከቤታችሁ በጣም ይቀዘቅዛል። አንቺ እየደወልሽ «አወራችሁ?» አትበይ።

ከዚያ በፊት ግን ያ እንጨት ከትራንኩ መውረድ አለበት። ቅዳሜ ጠዋት ባልሽ ልጁን «እስቲ ና፣ ያዝልኝ» ይበለው። አንቺ መስኮት ላይ ቆመሽ አትጠብቂ።