ጠያቂዎቹ ወረቀታቸው ላይ ምን ይጽፋሉ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሁለት ዓመት በረዳት ሒሳብ ሠራተኛነት ሠርቻለሁ። አሁን ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ። የጽሑፍ ፈተናውን አልፋለሁ፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ግን እወድቃለሁ። ጓደኞቼ "ችግርሽ አቀራረብሽ ነው" ይሉኛል። ሰው ከምንናገረው ቃል የሚወስደው 7 በመቶ ብቻ ነው፣ የቀረው ድምፅና የሰውነት እንቅስቃሴ ነው ሲባልም ሰምቻለሁ። ስለዚህ መስታወት ፊት አቀማመጤን፣ እጄንና ፈገግታዬን እየተለማመድኩ ነው። "ስለ ራስሽ ንገሪን" ለሚለው ደግሞ መልሱን በቃሌ ይዣለሁ። የድሮ ሥራዬን የለቀቅኩት አለቃዬ ስላስመረረኝ ነው። የመጋዘኑ ካርድና የሒሳብ መዝገቡ አይገናኙም ነበር። እሱን ሳስታርቅ ወራት ፈጀሁ፤ "አመሰግናለሁ" እንኳን አልተባልኩም። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ሰዎች ይጠይቁኛል። ጥሩ ሆኜ ለመታየት ምን ላድርግ? (ቀ.)

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ከዚያች 7 በመቶ እንገላገል። ብዙ ሰው አሳስታለች። ምንጯ የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት መሐራቢያን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተማቸው ሁለት ጥናቶች ናቸው። በአንዱ ተሳታፊዎች በተለያየ የድምፅ ቃና የተነገሩ ነጠላ ቃላትን ሰሙ። በሌላው ደግሞ የተነገረችው ቃል "ምናልባት" ብቻ ነበረች፤ ከእሷ ጋር የፊት ፎቶ ይታያቸዋል። ጥያቄው ተናጋሪው ሰሚውን ይወደዋል ወይስ አይወደውም የሚል ነበር። ለቃሉ 7፣ ለድምፁ 38፣ ለፊቱ 55 በመቶ የሚባሉት ቁጥሮች ከዚህ የመጡ ናቸው። መሐራቢያን ራሱ ቁጥሮቹ ስለ ስሜት ንግግር እንጂ ስለ ሁሉም ንግግር እንዳልሆኑ ተናግሯል። ስለ ባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ ስትጠየቂ ፈገግታሽ 55 በመቶ ውጤት አያመጣልሽም።

ፊት ምንም አይሠራም ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ጃኒን ዊሊስና አሌክሳንደር ቶዶሮቭ ያሳተሙት ጥናት አለ። የሰው ፊት ፎቶ ለሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ያሳያሉ። ተመልካቹ በዚያችው ቅጽበት "ይህ ሰው ይታመናል፣ ያኛው ብቁ ነው" ብሎ ይፈርዳል። ጊዜ ሲጨመርለት በፍርዱ ላይ ያለው እርግጠኝነት ይጨምራል እንጂ ፍርዱ ብዙም አይለወጥም። እንግዲህ በዚያች ቅጽበት ምን ልታደርጊ ነው? ምንም። ስለዚህ መስታወቱን ተይው። ገብተሽ ሰላም በይ፣ ሲሉሽ ተቀመጪ፣ የጠየቀሽን ሰው እያየሽ መልሺ። ልብስሽ ንጹሕ ይሁን፤ ደግሞም ከዚህ በፊት ለብሰሽው ረጅም ሰዓት የተቀመጥሽበት ይሁን። አዲስ ጫማ ለዚያ ቀን አይመረቅም።

እኔ ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት በሰው ኃይል አስተዳደር ነው። ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ያለውን ልንገርሽ። እያንዳንዳችን ፊት ቅጽ አለ። ጥያቄዎቹ ተጽፈዋል፣ ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ናቸው። በየጥያቄው ጎን የነጥብ ሣጥን አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ለማስታወሻ የሚሆን ባዶ መስመር። ተወዳዳሪው ሲወጣ ሳንነጋገር በየፊናችን ነጥብ እንሞላለን። ሁሉም መሥሪያ ቤት እንዲህ ይሠራል አልልም፤ በአንድ ቡና ወሬ ሰው የሚቀጥርም አለ። ነገር ግን ሦስት ሰው ከተቀመጠ ቅጽ ይኖራል ብለሽ ተዘጋጂ። እንዲህ የሚደረገውም ያለ ምክንያት አይደለም። ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ የብዙ አሥርት ዓመታት ጥናቶችን መልሰው መርምረው እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ሥራ፣ ከቅጥር መለኪያዎች ሁሉ የሥራ ውጤትን በመተንበይ ቀዳሚ ሆኖ የተገኘው ጥያቄውና ነጥብ አሰጣጡ አስቀድሞ የተወሰነ ቃለ መጠይቅ ነው።

ታዲያ ከሰዓት በኋላ ላይ ፊቶቹ ሁሉ ይደባለቁብናል። የጠዋቷን ልጅ የሚያስታውሰን ያቺ ባዶ መስመር ላይ የጻፍነው ነገር ነው። አንዷ መጥታ "ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ፣ የሥራ ጫና እቋቋማለሁ" ትላለች። ምን ልጻፍ? ከእሷ በፊት የገቡት ሁሉ ብለውታል። እስክሪብቶዬን እይዛለሁ፣ መስመሩ ግን ባዶውን ይቀራል። ይህቺ ልጅ ሰነፍ ላትሆን ትችላለች። የሚጻፍ ነገር ግን አልሰጠችኝም።

አንቺ ግን የሚጻፍ ነገር አለሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ቅሬታ ጣል አድርገሽው አልፈሻል። የመጋዘኑን ካርድና የሒሳብ መዝገቡን ማስታረቅሽ! የሒሳብ ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው መስማት የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከምሬቱ አውጪውና በአራት ነገር ንገሪያቸው፦ ምን ነበረ፣ ካንቺ ምን ተፈለገ፣ አንቺ ምን አደረግሽ፣ ምን ተገኘ። በቅጥር ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች "ስታር" የሚሉት ዘዴ ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦

"ስቀጠር የመጋዘኑ ካርድና የሒሳብ መዝገቡ ልዩነት ነበራቸው። እንዳስታርቅ ታዘዝኩ። የገቢና የወጪ ሰነዶቹን በቁጥር ተራ ደረደርኩ፤ የጎደሉትን ቁጥሮች ለይቼ ያዝኩ። ከዚያ አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር አመሳከርኩ። ልዩነቱ በአብዛኛው የመጣው ከተመላሽ ዕቃ ነበር። መጋዘኑ ይመዘግበዋል፣ ወረቀቱ ግን ሒሳብ ክፍል አይደርስም። ይህን በዝርዝር ጽፌ አቀረብኩ። ከዚያ ወዲህ ተመላሽ ዕቃ ሲኖር ኮፒው ለሒሳብ ክፍልም መላክ ጀመረ።"

ተመላሽ ዕቃ ያልኩት ግምቴን ነው፤ አንቺ በእውነት የነበረውን ተኪበት። ደግሞም እዚህ ላይ አያበቃም። እኔ ብሆን ወዲያው እከተልሻለሁ፦ "ልዩነቱ ስንት ነበር? ማስተካከያውን ማን አጸደቀው? ሰነዱ ያልተገኘለትን ምን አደረጋችሁት?" ሥራውን የሠራ ሰው ይህን ሲጠየቅ ፊቱ ይበራል። ታሪኩን ከሌላ የሰማ ሰው ደግሞ እዚህ ላይ ይንተባተባል። ስለዚህ ቁጥሮቹን ዛሬ ማታ አስታውሺና ወረቀት ላይ አስፍሪ። የድርጅቱን ምስጢር ማውጣት ግን አያስፈልግም። የዕቃውን ዓይነትና የሰነዱን ብዛት በግርድፉ መናገር ይበቃል።

"አስታረቅን፣ አስተካከልን" አትበይ። ራስን ማግነን እንዳይመስል ብዙ ጨዋ ልጆች እንዲህ ይናገራሉ፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ነጥቡ የሚሰጠው ላንቺ ነው። የረዳሽ ሰው ካለ የእሱን ድርሻ ለይተሽ ጥቀሺ፣ የራስሽን ደግሞ በራስሽ ስም ተናገሪ።

በቃልሽ የያዝሽውን መልስ እርሺው ብልሽ አትችይም፤ ግን አትመኪበት። በቃሉ የያዘ ሰው መሐል ላይ ጥያቄ ሲገባበት ከ"የተወለድኩት" ሊጀምር ይደነባበራል። ሦስት ፍሬ ነገር ብቻ ያዢ፦ አሁን ምን ላይ እንዳለሽ፣ ከሠራሽው ምን ለዚህ ቦታ እንደሚጠቅም፣ ለምን ወደ እነሱ እንደመጣሽ። ዐረፍተ ነገሩ እዚያው ይምጣ። ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። ማስታወቂያውን ደግመሽ አንብቢ፤ የተዘረዘሩት የሥራ ተግባራት ብዙ ጊዜ ወደ ጥያቄ የሚቀየሩት ናቸው።

አለቃሽን በተመለከተ፦ አታንሺው። ጥፋተኛው እሱ ይሆናል፣ እኛ ግን የሱን ወገን አልሰማንም። "ለምን ለቀቅሽ?" ሲሉሽ ወደፊት የምትፈልጊውን ተናገሪ፤ ሰፋ ያለ ኃላፊነት ከሆነ እሱን በይ። ሁሉንም አለመናገር መዋሸት አይደለም።

"ድክመትሽ ምንድን ነው?" ይመጣል። "ሥራ ማብዛቴ ነው" የሚለውን እባክሽን ተይው። እሱን ስንሰማ ሦስታችንም እርስ በርስ እንተያያለን። እውነተኛ ድክመት ተናገሪ፣ ሥራውን የማይገድል ይሁን፣ ለማስተካከል ምን እያደረግሽ እንደሆነም ጨምሪበት። የማታውቂው ጥያቄ ከመጣ "ይህን አልሠራሁበትም፤ ቢያጋጥመኝ መጀመሪያ መመሪያውን አያለሁ" ማለት ይቻላል። ለእንደዚህ ዓይነቱ መልስ ነጥብ ሰጥቼ አውቃለሁ። ለቀባጠረ ግን ሰጥቼ አላውቅም።

መጨረሻ ላይ "ጥያቄ አለሽ?" ሲሉሽ "የለኝም" ብለሽ አትነሺ። "የሚቀጠረው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምን እንዲያሳካ ትፈልጋላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ለእነሱም ላንቺም ይጠቅማል። ምናልባት ሥራው ራሱ እንደማይሆንሽ ይነግርሽ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ አንዱ "በቅርቡ ለመውለድ አስበሻል?" አለኝ። ደንግጬ ዝም አልኩ። ምን ማለት ነበረብኝ? (መ.)

መልስ፦ ልጄ፣ ጥፋቱ የጠያቂው ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 በቅጥር ላይ በፆታ ምክንያት የሚደረግ አድልዎ እንዲወገድ ይላል። ብዙ አገሮች አጽድቀውታል። ግን እዚያ ወንበር ላይ ሆነሽ ሕግ መጥቀስ ሥራውን ያስገኝልሻል ብዬ አልዋሽሽም።

ብዙ ጊዜ ከጥያቄው ጀርባ ያለው ፍርሃት "ትቀሪብን ይሆን?" የሚል ነው። እሱን መልሺና ሌላውን እለፊው፦ "ጥያቄዎ የሥራ ሰዓትና የመስክ ጉዞን የሚመለከት ከሆነ፣ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።" ረጋ ብለሽ ተናገሪውና ዝም በይ። ዝምታውን አንቺ አትሙዪው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ወደ ሌላ ጥያቄ ያልፋል። ደግሞ የሚጠይቅሽ ከሆነ ስለ ቤቱ አንድ ነገር ተረድተሻል፤ ቢቀጥሩሽም እሺ ከማለትሽ በፊት አስቢበት። ቤት ስትገቢ የተባለውን ቃል በቃል፣ ቀኑንና ጠያቂው በምን ኃላፊነት እንደተቀመጠ ጽፈሽ አስቀምጪ። ቅሬታ ለማቅረብ ከፈለግሽ ይጠቅምሻል።