ሊሞንቼሎው መራራና ድፍርስ ለሆነባት እህታችን

እህቴ ጥያቄሽን ትላንት ማታ ነው ያየሁት፣ በስልክ ረጅም መፃፍ ስለሚያቃጥለኝ ዛሬ ላፕቶፕ ላይ ቁጭ ብዬ ልመልስልሽ ብዬ ነው የዘገየሁት። ላላነበባችሁ፣ እህታችን ከጣልያን የመጣች ዘመዷ ያስቀመሰቻትን ሊሞንቼሎ (ከሎሚ ልጣጭ የሚሰራ ጣፋጭ የጣልያን አልኮል መጠጥ) እቤት ልስራ ብላ ከገበያ የገዛችውን ሎሚ ልጣና ካቲካላ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ ሶስት ሳምንት ቆይታ ብትቀምሰው መራራ ሆነባት፣ የስኳር ሽሮፕ ስትጨምርበት ደግሞ ድፍርስ አለባት፣ እና ልድፋው ወይ ነው የምትለው። አትድፊው በቃ። ድፍርሱ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ምሬቱ ነው፣ እሱም ቢሆን መላ አለው።

ከምሬቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም እኔም የመጀመሪያ ጊዜ የሰራሁት ኮሶ ነበር ማለት ይቻላል። የሽንኩርት ቢላ ይዤ እንደ ድንች ነው የላጥኩት፣ ቢጫው ከነጩ ጋር ተያይዞ ወጣ፣ እኔ ደግሞ ልጣጭ ልጣጭ ነው ብዬ ሁሉንም ከተትኩት። ያ ቢጫው ስር ያለው ነጭ ስፖንጅ የመሰለ ነገር ነው የሚመረው፣ ሽታው ያለው የላይኛው ቢጫ ላይ ብቻ ነው፣ ሎሚውን ብርሀን ላይ ይዘሽ ብታይው ትናንሽ ነጠብጣብ አሉት አይደል፣ ዘይቱ ያለው እዛ ውስጥ ነው። ስለዚህ የድንች መላጫ ግዢ፣ በስሱ ሳትጫኚ ልጪ፣ የላጥሽውን ገልብጠሽ እይው፣ ነጭ ከያዘ ሳህን ላይ አስተኝተሽ በቢላ ጫፍ ፋቂው። አሰልቺ ነው አውቃለሁ፣ እኔ ለ10 ሎሚ አንድ ሰአት ሙሉ ፈጅቶብኛል፣ ግን ሊሞንቼሎ ማለት ስራው እሱ ነው፣ የቀረው መጠበቅ ነው። መፈቅፈቂያ የምትሉም አላችሁ፣ እኔ አልወደውም፣ እጅ ትንሽ ከከበደ ነጩን ይዞ ይመጣል፣ ሲጠለልም ያስቸግራል።

ሁለተኛው ነገር ሎሚው ራሱ ነው። ጣልያኖቹ የሚሰሩበት የሶሬንቶና የአማልፊ ሎሚ ትልቅ፣ ቢጫ፣ ልጣጩ ወፍራም ነው። እኛ ጋ ዝም ብለሽ ሎሚ ስጪኝ ስትይ የሚመዘንልሽ ትንሿ አረንጓዴ ናት፣ ልጣጯ እንደ ወረቀት ስስ የሆነች። ዘጌ እኮ በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ነው የሚታወቀው፣ ሶስቱንም አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ተክለዋቸው ነው የበቀሉት ይባላል፣ እና በዘጌ ሎሚ ሞክሬዋለሁ፣ በጀልባ ስንመለስ አንድ ፌስታል ሙሉ ይዤ መጥቼ። ይሰራል፣ ግን ሊሞንቼሎ አይሆንም፣ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው፣ ወደ አረንጓዴ ያደላል ሽታውም ሹል ነው፣ ለአንድ ሊትርም 25 ምናምን መላጥ አለብሽ። ትልቁን ቢጫ ካገኘሽ 8 እስከ 10 ይበቃል። ትርንጎም ሽታው ግሩም ነው ግን ነጩ ብዙ ነው፣ በጣም በስሱ ካልላጥሽው ዋ። ከሱፐርማርኬት የሚገዛው የሚያብረቀርቅ ሎሚ ሰም የተቀባ ሊሆን ስለሚችል በሙቅ ውሀ እሺው።

(የተላጠው ሎሚ ሁለት ሶስት ቀን ካደረ ይደርቃል፣ ስለዚህ እኛ ቤት ሊሞንቼሎ የሚዘፈዘፍ ቀን ማታ አሳ ጥብስ ነው፣ እናቴ ሳታይ በሽታው ታውቃለች።)

አልኮሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ኮሜንት ላይ አንዱ ከፋርማሲ ግዢ ብሎሻል፣ በፍፁም እንዳታደርጊው! እሱ ለቁስል ነው፣ እንዳይጠጣ ሌላ ነገር የሚቀላቀልበትም አለ። ጣልያኖቹ የሚጠቀሙት ለመጠጥ የተሰራ 95 ፐርሰንት አልኮል ነው፣ እሱን እዚህ እኔ አላገኘሁም፣ ስለዚህ ወይ ቮድካ ወይ ዳግም አረቄ ነው ምርጫሽ። ዳግም የወጣ አረቄ 45 አካባቢ ይደርሳል፣ ቮድካ 40 ነው። አረቄው የራሱ ሽታ ስላለው ሎሚውን ይታገለዋል፣ ለኔ ቮድካ ይሻላል፣ ጓደኞቼ ግን የአረቄውን ነው የወደዱት እንግዲህ። አረቄ ከሆነ ከምታውቂያቸውና መጀመሪያ ጠብ የሚለውን ከሚደፉ እናት ግዢ። ማንኪያ ላይ አርገው ክብሪት እየጫሩ ነደደ ስለዚህ ንፁህ ነው የሚሉ አሉ፣ መንደዱ ጠንካራ መሆኑን ነው እንጂ ሌላ የሚነግርሽ የለም፣ አይን የሚያጠፋው ሜታኖልም ይነዳል።

የሚዘፈዘፍበት ደግሞ የመስታወት ጠርሙስ ይሁን። ሁለተኛ ጊዜ የሰራሁት ለዚህ ነው የከሸፈው፣ ልጣጩን ጥንቅቅ አርጌ ልጬ የውሀ ፕላስቲክ ውስጥ ከተትኩት፣ የሎሚው ዘይት ከአልኮሉ ጋር ሆኖ ፕላስቲክ ይበላል ለካ፣ ሲቀመስ አዲስ የጫማ ካርቶን ነው የሚሸተው። ሙሉውን ደፋሁት። እስካሁን ይቆጨኛል።

በ95 ፐርሰንቱ አልኮል አንድ ሳምንት የሚበቃው በቮድካ ወይ በአረቄ ከሶስት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጠሽ በየሁለት ቀኑ ነቅነቅ። መድረሱን ቀን ከመቁጠር ልጣጩን ማየት ይሻላል፣ አንዱን አውጥተሽ እይው፣ ቢጫነቱ ለቆ ከገረጣ አልኮሉ ጠጥቶታል ማለት ነው። ከዛ ለአንድ ሊትር አልኮል 300 ግራም ስኳር በ300 ሚሊ ውሀ አሟሚ፣ ሙሉ በሙሉ ቀዝቀዝ ይበል (ትኩሱን አልኮል ላይ ካፈሰስሽ ይተናል፣ ከሰል አጠገብ ከሆንሽ ደግሞ እሳት ነው)፣ አልኮሉን በንፁህ ጨርቅ አጥልለሽ ቀላቅይ። አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይወጣል፣ ቮድካው 27፣ አረቄው 30 አካባቢ ላይ ያርፋል።

ድፍርሱ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ኡዞ (የግሪኮቹ አረቄ) ላይ ውሀ ሲጨመር ነጭ እንደሚሆነው ነው፣ የሎሚው ዘይት አልኮል ውስጥ ይሟሟል ውሀ ውስጥ ግን አይሟሟም፣ ሽሮፑ ሲገባ አልኮሉ ይቀጥናል ዘይቱ በጣም ደቃቅ ጠብታ ሆኖ ይበተናል። እንደውም በደንብ ዘይት አውጥተሻል ማለት ነው። እኔ ምንም ሳይደፈርስ ቢቀር ነው የምጠራጠረው።

አሁን እጅሽ ላይ ላለው መራራ፣ ምሬቱ አንዴ ከገባ አይወጣም፣ ስኳር ብትከምሪበትም ሽሮፕ የመሰለ መራራ ነው የሚሆንልሽ። ከዚህኛው እኩል የሚሆን አዲስ ዘፍዝፊ፣ ቢጫው ብቻ ያለበት፣ ሲደርስ መጀመሪያ ሁለት መለኪያ ላይ ቀላቅለሽ ቅመሺ፣ አንድ ለአንድ ካልሆነ ሁለት አዲስ ለአንድ መራራ አርጊው። እኔ የኮሶውን በዚህ ነው ያተረፍኩት፣ ትንሽ ምሬት ቀርቶበት ነበር ግን ማንም አላማረረም።

ስራው ሲያልቅ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው፣ በዚህ መጠን ከሰራሽው በረዶ አይሰራም፣ ከሰራ ውሀው በዝቷል። በትንሿ የአረቄ መለኪያ ነው የሚጠጣው፣ ጣፋጭ ነው ብለሽ በብርጭቆ እንዳትቀጂው። እና ቅዳሜ ገበያ ላይ ትልቁን ቢጫ ሎሚ ካየሽ የት ጋ እንደሆነ እዚህ ፃፊልኝ፣ እኔ ከሁለት ወር በላይ እየፈለግኩ ነው።