ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ልትሄዱ ነው? ሻንጣው ሳይዘጋ ጠይቁኝ

እታለም፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትምህርት ሊዘጋ ነው። ከባልቲሞር፣ ከማያሚ፣ ከጋልቨስተን የሚሳፈረው ሐበሻ በዝቷል። የውስጥ መስመሬም በጥያቄ ተሞልቷል፤ ስለዚህ እዚሁ ሁሉም እያየ ልመልስ። ለማታውቁኝ፣ ክሩዝ መርከብ ላይ ሰባት ዓመት ክፍል ሳጸዳ ኖሬያለሁ። ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ፣ የትኛውን ሳይነካው እንደሚመልስ፣ በየትኛው እንደሚጸጸት አይቻለሁ።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። ሰርጅ ፕሮቴክተር (ድንገት ከሚጨምር ኃይል ዕቃን የሚከላከል ክፍል) ያለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ አትያዙ። መድኃኒትና ፓስፖርት ወደብ ላይ በምታስረክቡት ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። ሌላው ቢረሳ ወይ መርከቡ ላይ ይገዛል፣ ወይ ሳይኖርም ይታለፋል።

የዳላሷ፦ እታለም፣ እግዜር ይስጥሽ። አራት ሆነን አንድ ክፍል ነው የያዝነው። ስልኩ አራት፣ ታብሌቱ ሁለት፣ የባለቤቴም ሰዓት አለ። ሶኬቱ ግን ሁለት ወይ ሦስት ነው አሉኝ። እንዴት እናድርግ?

እታለም፦ ከዋናው ነገር ጀመርሽልኝ። በተለይ ቆየት ባሉ መርከቦች ሶኬት ጥቂት ነው። ያለውም መስታወቱ ሥር፣ ጠረጴዛው ላይ ነው እንጂ አልጋው አጠገብ አይደለም። ብዙ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው አንድ ቻርጀርና ሦስት ሜትር ያህል የሚሆን የስልክ ገመድ ያዢ። አንድ ፓወር ባንክም ጨምሪ፤ ወደብ ስትወርዱም ይጠቅማችኋል።

ማከፋፈያውን ለምን እንደምከለክል ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የኩባንያ ጭቅጭቅ ይመስለዋል። ቤታችን ግድግዳ ውስጥ ከሚመጡት ሁለት ገመዶች ኃይል የሚይዘው አንዱ ነው። ሌላው ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። ሰርጅ ፕሮቴክተር የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ መስመር ነው። ብዙ መርከብ ላይ ግን ሁለቱም ገመዶች ኃይል ይይዛሉ፤ ከመርከቡ ብረት ጋር የተያያዘ የለም። የሆነ ቦታ አንዱ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ፣ ያ ለቤት የተሠራ ዕቃ ያልተሠራበት ጫና ይመጣበታል። ውስጡ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ እሳት ይይዛል። ማጥፊያው ቢዘጋ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው አንዱን ገመድ ብቻ ነው።

መለየቱ ቀላል ነው። ገልብጠሽ ጀርባውን እዪ። «ጁል» የሚል ቁጥር ካለበት ወይም «ፕሮቴክትድ» የሚል ትንሽ መብራት ካለው ሰርጅ አለው ማለት ነው። አንዳንዱ ኩባንያ ሰርጅ የሌለውንም ማከፋፈያና ኤክስቴንሽን ገመድ ይከለክላል። ተራ የዩኤስቢ ቻርጀር የያዘ ሰው ሲከለከል ግን አላየሁም።

ጀማሪው፦ ሰላም፣ ለክሩዝ ምን ምን ልያዝ?

እታለም፦ ወዴት? በየትኛው ወር? ስንት ቀን? ልጅ አለ? አላስካ በግንቦትና ካሪቢያን በነሐሴ አንድ አይደሉም። እንደገና ጠይቀኝ።

ሸዋዬ፦ እናቴን ይዣት ልሄድ ነው። ያለ ቡናዋ አትውልም። ትንሿን ጀበና፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና ቁንጥር ዕጣን ብይዝ ችግር አለው?

እታለም፦ አለው እህቴ። ምድጃ፣ ካውያ፣ ውኃ ማፍያ፣ ሻማ፣ ዕጣን አይገባም። የሚያግልና የሚጤስ ነገር ክልክል ነው። የፀጉር ማድረቂያና መተኮሻ ነው የሚታለፈው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። የፋሲካ ዕለት ጠዋት ጋሪዬን እየገፋሁ ኮሪደሩ ላይ ቡና ሸተተኝ። ለወራት አማርኛ በጆሮዬ አልገባም ነበር። ሽታውን ተከትዬ ሄጄ አንኳኳሁ። ነጠላ የለበሱ እናት ከፈቱልኝና «ግቢ ልጄ፣ አቦሉ ደርሷል» አሉኝ። ምድጃው ምንጣፉ ላይ ነው። ሥሩ የታጠፈ የመርከቡ ፎጣ አለ፣ ጠርዙ ጠይሟል። መርከቡ ዘንበል ባለ ቁጥር መጋረጃው ጀበናውን ነካ አድርጎ ይመለሳል። ነቅዬ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ለአለቃዬ መናገር ነበረብኝ። ተናገርኩ። ምድጃው ተወሰደ፣ እሳቸውም ተቀየሙኝ። ያን ቀን ሳለቅስ ዋልኩ። ዛሬም ቢሆን ግን ያንኑ ነው የማደርገው።

በፈረንጆቹ 2006፣ ማርች 23 ሌሊት፣ ስታር ፕሪንሰስ የምትባል መርከብ ወደ ጃማይካ ስትሄድ እሳት ተነስቶባት አንድ መንገደኛ ሞቷል። መርማሪዎቹ መነሻው በረንዳ ላይ የወደቀ የሲጋራ ቁራጭ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። የሲጋራ ቁራጭ! ባሕር መሀል ተደውሎ የሚጠራ የእሳት አደጋ መኪና የለም።

ለእናትሽ እንዲህ አድርጊ። ቡናው ተቆልቶ ተፈጭቶ ከሱቅ እንደታሸገ ይሁን። ትንሽ የጨርቅ ማጥለያና የራሷን ስኒ ያዢላት። ቡፌው ጋ ሙቅ ውኃ አይጠፋም። ጀበናዋ ቤት ትቆይ።

ሸዋዬ፦ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ረቡዕና ዓርብም ትጾማለች። ሽሮ አዘጋጅቼ ልያዝላት?

ጎጃሜው፦ ለመንገደኛ ጾም ይቀላል እኮ።

ደብተራው፦ ወንድሜ፣ ለመዝናናት የወጣና ግድ ሆኖበት የወጣ አንድ ነው? ለነፍስ አባት የሚጠየቀውን እዚህ አትፍታው።

ጎጃሜው፦ እኔ የነፍስ አባቴ የነገሩኝን ነው ያልኩት።

የዳላሷ፦ ሥጋ በተጠበሰበት መጥበሻ አትክልት ቢሠሩባትስ?

ደብተራው፦ እሱም ሌላ ጥያቄ ነው። ሳያውቁ የበሉት ግን...

እታለም፦ ወንድሞቼ፣ ይህን ለአባቶች ተዉት። እኔ የማውቀው አሠራሩን ነው። ቤት የተሠራ ምግብ አብዛኛው ኩባንያ አያስገባም። ፋብሪካ ያሸገው፣ ያልተከፈተ ደረቅ ነገር ያልፋል፦ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሚጥሚጣ። ሚጥሚጣውን አትርሱ፣ የመርከብ ምግብ ለኛ አፍ አልጫ ነው። ለጾሙ፣ በመጀመሪያው ማታ ራት ላይ ዋናውን አስተናጋጅ ጠርታችሁ «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም» በሉት። ለነገው ዛሬ ማታ ነው የሚዘጋጀው። ብዙ መርከብ ላይ ለጠየቀ ሰው የህንድ የአትክልት ምግብ ይሠራል። ቅቤ እንዳይገባበት ግን ተናገሩ።

የዱባይዋ፦ ከእህቴ ጋር ከጣሊያን ልንሳፈር ነው። የዱባዩ ባለ ሦስት ወፍራም እግር ሶኬት እዚያ ይሠራል?

እታለም፦ አይገባም። ሜዲትራኒያን ላይ ባሉት መርከቦች የምታገኚው በአብዛኛው ባለ ሁለት ክብ እግሩን የአውሮፓ፣ አንዳንዴም ጠፍጣፋውን የአሜሪካ ነው። ተራ አዳፕተር ይበቃሻል። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ይሠራል፣ ጀርባው ላይ ተጽፏል። አዳፕተሩ ሰርጅ የሌለው ይሁን።

አትላንታ፦ ማግኔት ያዙ ሲሉ ሰማሁ። ለምን?

እታለም፦ ይሄን ለማንም ነው የምመክረው። የክፍሉ ግድግዳና በር በአብዛኛው መርከብ ብረት ነው። ጠንካራ ማግኔት ያላቸው መንጠቆዎች ስምንት ወይ አሥር ያዝ። ኮፍያ፣ ቦርሳ፣ እርጥብ የዋና ልብስ፣ የልጆች ጃኬት፣ ሁሉም ይሰቀላል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መሬት ላይ የሚቀመጥ ነገር በቀነሰ ቁጥር አራት ሰው ሳይጋጭ ያድራል። አንዳንዱ ግድግዳ ተሸፍኖ ማግኔት አይዝም፣ ያኔ በሩን ሞክር። በር አናት ላይ የሚንጠለጠለውን ብረት ግን ተወው። በሩን ይፍቀዋል። ቀለሙ የተላጠ በር ስንቱን አይቻለሁ።

ሌላው ባለ ባትሪ የሌሊት መብራት ነው። መስኮት የሌለው ክፍል መብራቱ ሲጠፋ እጅህን እንኳ አታይም። የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ደግሞ ከፍ ያለ ነው፣ በሌሊት ሰው የሚጥለው እሱ ነው። እናት አባት ይዛችሁ የምትሄዱ ይህን ሳትይዙ አትሂዱ።

ሜሪላንድ፦ እታለም፣ ባለ ስድስት ቀዳዳ ማከፋፈያ ገዛሁ። ሰርጅ አለው፣ ግን አዲስና ጥራት ያለው ነው። ይሆናል?

እታለም፦ ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብበኸዋል? አዲስም ይሁን ውድ ያው ነው። ሻንጣህ በኤክስሬይ ያልፋል፣ ያዩታል፣ ያስቀሩታል። ሰው ሁሉ ዋና ላይ ሲሆን አንተ ጥበቃ ክፍል ተሰልፈህ ሻንጣ ትከፍታለህ። ለሱቁ መልሰው።

ሜሪላንድ፦ አምና ይዤ ገብቼ ማንም ምንም አላለኝ።

ጎጃሜው፦ እኔንም።

እታለም፦ እነሱ ስላላዩት እሳቱ አይቀርም። በዚህ ላይ ሌላ አልመልስም።

የሲያትሏ፦ መርከብ እንዳያዞረኝ እፈራለሁ፤ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነኝ። የትኛውን መድኃኒት ልያዝ?

እታለም፦ እሱን ሐኪምሽ ይንገርሽ፣ እኔ አልነግርሽም። ክፍልሽን መርከቡ መሀል፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ያዢ፣ እዚያ መወዛወዙ ያንሳል። ጉዞው ሳያልቅ 24 ሳምንት የሚሞላሽ ከሆነ ደግሞ አብዛኛው ኩባንያ አያሳፍርሽም። ሳትከፍይ አረጋግጪ።

ስም የለኝም፦ ጥገኝነት ጠይቄ እየጠበቅሁ ነው። መርከቡ ከማያሚ ወጥቶ እዚያው ስለሚመለስ ችግር የለውም አይደል?

እታለም፦ ይህ የሻንጣ ጥያቄ አይደለም፣ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ባሃማስን ከረገጥክ ከአሜሪካ ወጥተሃል። አስቀድመህ የመመለሻ ፈቃድ ሳትይዝ ከወጣህ ማመልከቻህን እንደተውከው ይቆጠራል። ጠበቃህን ሳታናግር ትኬት አትቁረጥ።

አትላንታ፦ ባለቤቴ እየጠየቀች ነው። ለፎርማሉ ማታ፣ ሰው አጊጦ ለሚራትበት፣ የሐበሻ ቀሚስ ወይስ ጥቁር ቀሚስ?

ጎጃሜው፦ የሐበሻ ነዋ! ይሄም ይጠየቃል?

ሸዋዬ፦ ነጭ ለብሶ ቀይ ስጎ አጠገብ መቀመጥ ይከብዳል። ጥቁሩ ይሻላል።

የዱባይዋ፦ በእኔ ሐሳብ ሁለቱንም ትያዝ።

ሸዋዬ፦ ሻንጣው መቼ ይበቃል?

እታለም፦ ሐበሻውን ትልበስ። አዳራሹ ውስጥ ከሚለበሰው ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ካውያ ስለማይገባ ግን አጣጥፋ አትጫነው። ጥለቱን ወደ ውስጥ አድርጋ፣ በስስ ፕላስቲክ ትጠቅልለው። እንደደረሰች መታጠቢያ ቤት ትስቀለው፣ ሙቅ ውኃ ትክፈትና በሩን ዘግታ ሃያ ደቂቃ ትቆይ። የተጨማደደው በእንፋሎቱ ይፈታል። ነጠላውን በማግኔት መንጠቆ ዘርግታ ካሳደረችው ጠዋት የተተኮሰ ይመስላል።

የሁለት ልጆች እናት፦ ባርቤዶስ እንወርዳለን። ለልጆቼ የወታደር ቀለም ያለው ቁምጣ ገዝቼላቸው ነበር።

እታለም፦ ቤት ይቅር። ባርቤዶስም፣ ጃማይካም፣ ሴንት ሉሲያም፣ ትሪኒዳድም እንዲህ ያለውን ልብስ ለሲቪል በሕግ ከልክለዋል። ልጅም ቢሆን፣ ኮፍያም ቦርሳም ቢሆን። በሱ ፋንታ የውኃ ጫማ ያዢላቸው፣ ድንጋዩና ኮራሉ እግር ይቆርጣል። እጃቸውንም በሳሙና አስታጥቢ፤ መርከብ ላይ የሚዛመተውን የሆድ ቫይረስ፣ ኖሮቫይረስን፣ ሳኒታይዘር እንደ ሳሙናና ውኃ አያስወግደውም።

ጀማሪው፦ ይቅርታ እታለም። ካሪቢያን፣ በሐምሌ፣ ሰባት ቀን፣ ከባለቤቴና ከስድስት ዓመት ልጄ ጋር።

እታለም፦ አሁን ተግባባን። ትልቁ ሻንጣ ይቆይና ከትንሿ የእጅ ቦርሳ እንነሳ። ትልቁን ወደብ ላይ ታስረክበዋለህ። ክፍልህ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው፣ አንዳንዴ ከራት በኋላ። እስከዚያ የያዝከው ትንሿን ብቻ ነው። መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ የሦስታችሁ የዋና ልብስ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ቻርጀር፣ ለልጁ አንድ ቅያሪ። ልጁ ገንዳውን ካየ በኋላ እስከ ማታ ጠብቅ ብትለው አይሰማህም።

ስለ መድኃኒቱ ደጋግሜ የምናገረው በምክንያት ነው። አንድ ሽማግሌ ኢንሱሊናቸውን ባስረከቡት ሻንጣ ውስጥ ከተው መጡ። ምሽት ላይ ኮሪደሩ ሙሉ ሻንጣ ነው፣ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ባለ ጎማ። ሦስት ሆነን ስም እያነበብን ከጫፍ ጫፍ ስናገላብጥ አመሸን። ሚስታቸው ወንበር ይዘው ቁጭ ብለው «አልተገኘም?» ይላሉ። ተገኘ፣ እግዜር ይመስገን። አንተ ግን በእጅህ ያዘው። በሻንጣህም እጀታ ላይ ደማቅ ጨርቅ እሰርበት።

ለወደብ ደግሞ ውኃ የማያስገባ የስልክ ከረጢት፣ ኮፍያና ለጉርሻ የሚሆን ዝርዝር አንድ አንድ ዶላር ያዝ። መርከቡ ሲነሳ ስልክህን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው፤ ባሕር ላይ የሚይዘው ኔትወርክ ሒሳቡ ኪስ ያራቁታል። የአደጋ ጊዜ ልምምዱንም አትዝለል፣ ልጅህን መሰብሰቢያ ቦታው ድረስ ውሰደውና አሳየው።

ጀማሪው፦ ማከፋፈያስ...

እታለም፦ ከላይ አለ።

የዳላሷ፦ እታለም፣ ከመሄድሽ በፊት፣ እኛ ያልጠየቅንሽ የቀረ ነገር አለ?

እታለም፦ አንድ አለ፣ የመጨረሻው ማታ። ሻንጣውን ዘግታችሁ ኮሪደር ላይ ታወጡታላችሁ፣ ሌሊት ይወሰዳል፣ የምታገኙት ጠዋት ከመርከብ ወርዳችሁ ነው። ሁሉንም ጠቅልሎ ሰጥቶ በሌሊት ልብሱ የቀረ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ የምትታጠፍ ቀለል ያለች ቦርሳ ያዙ። የነገውን ልብስ፣ መድኃኒቱን፣ ፓስፖርቱን እሷ ውስጥ ክተቱ። ጫማችሁንም በር ሥር አስቀሩ።