ግሪን ካርድ ይዛችሁ ጅማ ለምትማሩ

ዲቪ ደርሷችሁ ወይም ቤተሰብ ስቧችሁ አሜሪካ ገብታችሁ፣ ካርዱን ተቀብላችሁ፣ ከዚያ የሕክምና ትምህርታችሁን ልትጨርሱ ጅማ የተመለሳችሁ ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ብዙ አይደላችሁም። ግን አልፎ አልፎ አንዳችሁ ቢሮዬ ትመጡና በሩን ዘግታችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ "ዶክተር፣ ካርዱን ብተወውስ?" ትሉኛላችሁ። የምን መደበቅ ነው? ወንጀል እኮ አይደለም።

ጠበቃ አይደለሁም፣ ሐኪም ነኝ። የማውቀው ተማሪዎቼ ሲቸገሩ አብሬያቸው ወረቀቱን እያነበብኩ የለቀምኩትን ነው። ጉዳያችሁ ከተወሳሰበ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ብዙዎቻችሁን የሚያዘናጋው ካርዱ ላይ የተጻፈው ቀን ነው። "10 ዓመት ይላል እኮ" ትላላችሁ። ይበል። ያ ቀን የፕላስቲኩ ነው። ከአሜሪካ ውጭ በተከታታይ ከ1 ዓመት በላይ ከቆያችሁ ካርዱ ብቻውን አያስገባችሁም። ከ6 ወር ካለፋችሁም ጥያቄው ይበዛል፣ ለዜግነት የምትቆጥሩት 5 ዓመትም ሊቋረጥባችሁ ይችላል።

እና ደግሞ ያቺ የካፌ ምክር አለች፣ እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና ላይ ተቀምጦ የሚሰጣት። "በየስድስት ወሩ ሄደህ ረግጠህ ተመለስ፣ ማንም አይነካህም።" ይነካሃል። ኤርፖርት ላይ ያለው መኮንን ፓስፖርትህን ሲያገላብጥ ማህተም ብቻ አይደለም የሚያየው፤ ቤትህ የት ነው፣ ሥራህ የት ነው፣ ግብር ታሳውቃለህ ወይ፣ ባንክ አለህ ወይ፣ ባለፉት ዓመታት አብዛኛውን ጊዜህን የት አሳለፍክ ብሎ ነው የሚመዝነው። አሥራ አንድ ወር ጅማ፣ ሁለት ሳምንት ሜሪላንድ አክስት ቤት ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው። ትኬቱም ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ እሱን ለእናንተ ልተወው።

ሕጋዊው መንገድ የድጋሚ መግቢያ ፈቃድ ነው፣ ሪኢንትሪ ፐርሚት የሚሉት። ቅጹ አይ-131 ይባላል። ቢበዛ 2 ዓመት ይሰጣል፣ አይታደስም፣ ሲያልቅ እንደ አዲስ ነው የሚጠየቀው። ዋናው ነገር ግን ማመልከቻው የሚገባው አሜሪካ እያላችሁ መሆኑ ነው። ጅማ ከገባችሁ በኋላ ብታስታውሱት ዋጋ የለውም። አሻራውንም እዚያው ሰጥታችሁ ውጡ። ፈቃዱ እስኪደርስ መጠበቅ ግን ግዴታ አይደለም፤ አዲስ አበባ ኤምባሲ ይላክልኝ ማለት ይቻላል። ካለፉት 5 ዓመታት ከ4 በላይ ውጭ ከነበራችሁ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሰጣችሁ የ1 ዓመት ብቻ ነው።

አሁን ቁጥሩን ከትምህርታችሁ ጋር አስተያዩት። ኢንተርን (ሆስፒታል ውስጥ የመጨረሻ ዓመት ልምምድ ላይ ያለ ተማሪ) ከሆናችሁ ወይም ሊጨርስ አንድ ሁለት ዓመት የቀረው ተማሪ ከሆናችሁ፣ እኔ እንደ እኔ ካርዱን አትልቀቁት ነው የምለው። አንድ ሴሚስተር ትምህርት ለማቋረጥ ዊዝድሮው መሙላት ቢያስፈልግም ሙሉ፣ ሂዱ፣ ፈቃዱን ጠይቁ፣ ተመልሳችሁ ጨርሱ። ምክንያቱም ነገ ስቴፕ የሚባለውን የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና ተፈትናችሁ ሬዚደንሲ (እዚያ የሚሰጠውን የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ስታመለክቱ ካርድ ያለው ሰው ቪዛ ስፖንሰር አያስፈልገውም። የሌለው ግን ብዙውን ጊዜ ጄ ዋን በሚባለው የልውውጥ ቪዛ ይገባል፣ ሲጨርስ 2 ዓመት አገሩ ተመልሶ እንዲቀመጥ ይጠበቅበታል፣ ወይም ነፃ የሚያወጣውን ፈቃድ ለማግኘት ሐኪም ባጠረበት አካባቢ 3 ዓመት ይሠራል። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ሰው ካርዱን በስንፍና አይጥልም።

ፒሲ ዋን (የሕክምና ትምህርት መጀመሪያ) ላይ ያለ ልጅ ግን ሌላ ነው። ስድስት ሰባት ዓመት በሁለት ዓመት ፈቃድ እየቀጣጠሉ መኖር ለኔ አይታየኝም። ይቻላል የሚል ይኖራል። ነርቭ ግን ይጨርሳል፣ በየጊዜው ክፍል ትተህ መብረርም አለበት። ወይ አሁኑኑ ሄደህ እዚያ ትማራለህ፤ እዚያ ሕክምና የሚገባው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ስለሆነ መንገዱ ይረዝማል፣ ግን ካርድ ያለው ተማሪ የፌዴራል የትምህርት እርዳታና ብድር መጠየቅ ይችላል። ወይ እዚህ ትማራለህ፣ ካርዱንም በሥርዓቱ ትመልሳለህ።

መመለስ ስል ፊታችሁ የሚጠቁረው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሕጉ አይደለም፣ ቤተሰብ ነው። ትኬት የቆረጠው አጎት አለ። ሄርማታ ሰፈር ሙሉ ድግስ በልቶ መርቆ የሸኘ ጎረቤት አለ። እናት "ሰው ምን ይላል?" ትላለች። "አሜሪካ እጁ ገብታ ጣላት" ይባላል፣ አዎ ይባላል፣ ለተወሰነ ጊዜ። የማዝነው ግን በዚህ ምክንያት ዝም ብለው በሚቀመጡት ነው። አይወስኑም። ለአጎት "እመለሳለሁ" ይላሉ፣ ለጓደኛ "ትቼዋለሁ" ይላሉ፣ እና ሦስት ዓመት ያልፋል። ከዚያ ወደ ኤምባሲው የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ ሊጠይቁ ይሄዳሉ። ያ ቪዛ ከአቅማቸው በላይ በሆነ ምክንያት ለዘገዩ ሰዎች ነው፤ ከባድ ሕመም ይሆናል፣ በኮቪድ ጊዜ እንዳየነው የበረራ መዘጋት ይሆናል። "ትምህርቴ አላለቀም" ያንተው ምርጫ ነው ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ለአጎታችሁ ቁጭ ብላችሁ ንገሩት። ይቆጣል። ይቆጣ።

እስክትወስኑ ድረስ ደግሞ ግብር አለ። ካርዱን እስከያዛችሁ ድረስ አሜሪካ እናንተን የምታያችሁ እንደ ነዋሪ ነው፣ እዚህ ያገኛችሁት ደሞዝ ጭምር ይመለከታታል። የምትከፍሉት ላይኖር ይችላል፣ ማሳወቅ ግን ሊኖርባችሁ ይችላል። "ነዋሪ አይደለሁም" ብላችሁ ቅጽ እንዳትሞሉ ብቻ፤ ራሳችሁ ላይ ማስረጃ ትሆናላችሁ።

ለመተው ከወሰናችሁ ቅጹ አይ-407 ነው። ክፍያ የለውም። ሞልታችሁ፣ ካርዱን አያይዛችሁ በፖስታ ወደ አሜሪካ ኢሚግሬሽን ትልካላችሁ። ከመላካችሁ በፊት ሁሉንም ኮፒ አድርጉ።

ይህንኑ ቅጽ ግን ኤርፖርት ላይ፣ ከረጅም በረራ ወርዳችሁ ዓይናችሁ ቀልቶ፣ "ፈርም" ስትባሉ ሳታነቡ አትፈርሙ። መፈረም በፈቃድ ነው። አልፈርምም ያለ ሰው ጉዳዩ ወደ ኢሚግሬሽን ዳኛ ይሄዳል፣ ዳኛው እስኪወስንም መብቱ አልጠፋም። ይህን ሳያውቁ ፈርመው የተመለሱ ልጆች አይቻለሁ።

በሥርዓቱ የመለሰ ሰው በር አይዘጋበትም። የዲቪ ምዝገባ ሲከፈት እንደገና መሙላት ይችላል፣ ቤተሰብም በሌላ ጊዜ ሊያመለክትለት ይችላል፣ ለጉብኝት ወይም ለፈተና ቪዛ ሲጠይቅም "ካርድህስ?" ሲባል መልስ አለው። ስለዚህ ያንን ኮፒ ከዲግሪያችሁ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡት።