እናቴ ወድቃ ግንባሯን ተመታች፤ ደህና ነኝ ትላለች

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት፣ ለልቧ ደግሞ ዋርፋሪን ትወስዳለች። ሰሞኑን ሌሊት ሽንት ቤት ልትሄድ ስትነሳ አዙሯት ወደቀች፤ ግንባሯን የበሩ ጠርዝ መታት። ትንሽ አበጠ እንጂ ደህና ናት። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት እምቢ አለች። ድጋሚ እንዳትወድቅስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እባክዎ ዛሬውኑ ይውሰዷቸው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ ምንም ባይሰማውም መታየት አለበት። መድኃኒቱ ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል። በዚያ ላይ ዕድሜ ሲገፋ አንጎል መጠኑ ይቀንሳል፤ በዙሪያው ያሉት ቀጫጭን ደም ሥሮችም ስለሚወጠሩ በቀላል ምት ይበጠሳሉ። ደሙ ቀስ እያለ ሲጠራቀም ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሲቲ ስካን ያሳየዋል፣ በጊዜ ከተደረሰበትም ብዙዎች ይድናሉ።

የማይለቅ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ መዘባረቅ፣ ከወትሮው የበዛ እንቅልፍ፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መስነፍ ካዩ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሩጡ። ለህመሙ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይስጧቸው፤ መድማትን ያባብሳሉ። ዋርፋሪኑን ግን በራስዎ አያቋርጡ፤ ማቋረጡ ስትሮክ ሊያስከትል ስለሚችል ሐኪሙ ይወስን።

ወደ መውደቁ እንምጣ። ሲነሱ ካዞራቸው፣ ሲቆሙ ግፊታቸው እየወረደ ሊሆን ይችላል። ተኝተውም ቆመውም እንዲለካላቸው ይጠይቁ። ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ማታ የሚወስዱ ከሆነ ወደ ጠዋት ይዛወር እንደሆነ ያማክሩ። ሲነቁ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቀመጡ፣ ከዚያ ይነሱ። ሽንት ቤቱ ውጭ ከሆነ ማታ ማታ ፖፖ አጠገባቸው ያድርጉላቸው። መተላለፊያው ላይ መብራት ይደር፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪ እጃቸው የሚደርስበት ቦታ ይሁን። የሚንሸራተት ምንጣፍ ይነሳ፣ ያለቀ ሸበጥ ይቀየር። ዓይናቸውንም ያስመርምሩ፤ የሞራ ግርዶሽ ብዙዎችን ይጥላል።

በጾም ሰሞን ውሃ ሳይቀምሱ ረጅም ሰዓት የሚቆሙ ከሆነ ስለዚያም ለሐኪሙ ይንገሩት። ከዚህ በፊት ወድቀው ደብቀዋችሁ እንደሆነም በቀስታ ይጠይቋቸው፤ እናቶች ልጆቻቸውን ላለማስጨነቅ ይደብቃሉ። ስትሄዱም የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከፋርማሲ በራሳቸው የገዙትን የእንቅልፍ ኪኒን ጨምሮ፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።