ለጎዳና ፎቶግራፍ የሚሆን ትንሽ ሌንስ ስለ መምረጥ፦ ጥያቄና መልስ

በጎንደር ካሜራ ይዘው ከፒያሳ እስከ ቅዳሜ ገበያ የሚዘዋወሩ ወዳጆች፣ ከካሜራው አምራች ውጭ ያሉ ኩባንያዎች ስለሚሠሯቸው ትናንሽ ሌንሶች የማውቀውን እንዳካፍላቸው ስለ ጠየቁኝ፣ ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ። ዋጋ ግን አልጠቅስም፤ እንደ ምንዛሪውና እንደ አምጪው ስለሚለያይ ዛሬ የተጻፈው ነገ አያገለግልም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ያለኝ የካነን ክሮፕ ሴንሰር ዲኤስኤልአርና 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ፒያሳ ላይ የቆመን ሰው በሙሉ ቁመቱ ላነሳ ስል ሁልጊዜ እግሩ ይቆረጥብኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የሌንሱ?

መልስ፦ የሌንሱ ነው። የካነን ክሮፕ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው፣ ከፉል ፍሬም ያነሰው ቺፕ) ቁመት 15 ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ 50 ሚሊ ሜትሩ በእርስዎ ካሜራ ላይ ሲገጠም በፉል ፍሬም (ትልቁ ሴንሰር ባለው ካሜራ) 80 ሚሊ ሜትር የሚያሳየውን ያህል ብቻ ያሳያል። ካሜራውን በአግድም ይዘው አንድን ሰው ከነጫማው፣ ከራሱ በላይም ጥቂት ቦታ ትተው ለማስገባት ከ6 ሜትር በላይ መራቅ አለብዎት። በእግረኛ መንገድ ላይ ደግሞ በ6 ሜትር ውስጥ ሌላ ሰው፣ ጋሪ ወይም ባጃጅ መግባቱ አይቀርም። በዚያው ካሜራ ላይ 35 ሚሊ ሜትር ቢገጥሙ 4 ሜትር ተኩል፣ 24 ሚሊ ሜትር ቢገጥሙ ደግሞ 3 ሜትር ይበቃዎታል። ስለዚህ ከየትኛውም ብራንድ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው፣ ከሰው ምን ያህል ርቀት ላይ መቆም እንደሚፈልጉና እንደሚደፍሩ ነው።

ጥያቄ፦ ለዚሁ ካሜራ ታዲያ የትኛውን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ከሌላ ኩባንያ የሚገኘው ርካሽ አማራጭ የዮንግኑዎ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ነው (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል)፤ ቀላል ነው፣ ብርሃንም በደንብ ያስገባል፣ አውቶፎከሱ (ሌንሱ ራሱ ፎከስ የሚይዝበት ሥርዓት) ግን ድምፅ ያለውና ዘገምተኛ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሌላ ኩባንያ ሌንስ ተጠየቅሁ ብዬ እውነቱን አልሸፍንም፦ የካነን የራሱ 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ውፍረቱ 23 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 125 ግራም ብቻ ሲሆን፣ ለእርስዎ ሥራ ከዮንግኑዎው ይሻላል። ያገለገለ ከተገኘ እሱን ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ሶኒ ፉል ፍሬም አለኝ። ቪልትሮክስ 28 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4.5 ወይስ ሳምያንግ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8?

መልስ፦ ቪልትሮክሱ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 60 ግራም ገደማ በመሆኑ ካሜራዎን የጃኬት ኪስ ውስጥ የሚያስገባ ሌንስ ነው፤ አውቶፎከስም አለው። ነገር ግን አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) ኤፍ 4.5 ላይ የተወሰነ ስለሆነ አይከፈትም፣ አይጠብም፤ በእጅ የሚዞር የፎከስ ቀለበትም የለውም። ሳምያንጉ 86 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በርዝመት ከቪልትሮክሱ እጥፍ ቢበልጥም አሁንም ትንሽ የሚባል ነው፤ አፐርቸሩን እንደ ልብ ይለዋውጣሉ፣ ፎከሱንም በእጅ ያስተካክላሉ። አንድ ሌንስ ብቻ ለሚኖረው ሰው እኔ ሳምያንጉን እመርጣለሁ። ሌላ ሌንስ ያለውና ካሜራውን ቤት ጥሎ መውጣት የሚያበዛ ሰው ግን ቪልትሮክሱን ቢገዛ በእርግጥ ይጠቀምበታል።

ጥያቄ፦ ኤፍ 4.5 ግን አይጨልምም?

መልስ፦ ቀን ላይ በጭራሽ አይጨልምም። ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ በሆነችው ከተማችን በጠራራ ፀሐይ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት፤ ከፍ ሲል ፎቶው ይሻክራል) 100 እና በኤፍ 4.5 ሲነሳ የሻተሩ (የብርሃን መዝጊያው) ፍጥነት 1/1250 ሴኮንድ ገደማ ይደርሳል፤ ይህም የሚራመድን ብቻ ሳይሆን የሚሮጥን ሕፃንም ሳያደበዝዝ ይይዛል። ችግሩ የሚመጣው ሲመሽና ቤት ውስጥ ነው። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 4.5 ስድስት እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ በመሆኑም አንዱ በአይኤስኦ 1000 የሚሠራውን ሌላው ከ6000 በላይ አውጥቶ ነው የሚሠራው። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ የሞሉትን የመላእክት ፊቶች ለማንሳት ለሚያስብ ሰው፣ በዚያ ፍላሽ ክልክል ስለሆነ፣ ኤፍ 4.5 አይበጀውም።

ጥያቄ፦ ርካሽ ሌንስ አውቶፎከሱ እየዘገየ የምፈልገው ቅጽበት ያልፈኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቀን ላይ አውቶፎከሱን ይተዉት። በፉል ፍሬም 35 ሚሊ ሜትር አፐርቸሩን ኤፍ 8 ላይ አድርገው፣ 3 ሜትር ርቀት ላይ ባለ ነገር ላይ ፎከስ ይያዙና ወደ ማኑዋል ይለውጡት፤ ከ2 ሜትር ገደማ እስከ 7 ሜትር ያለው ሁሉ በበቂ ጥራት ይወጣል። ርቀቱን ለመልመድ የፋሲል ግቢ የውጭ ግንብ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ግንቡ ላይ አንድ ድንጋይ መርጠው፣ 3 ሜትር በእርምጃ ለክተው ቆመው፣ ሰው በዚያ ርቀት ላይ በመመልከቻው ውስጥ ምን ያህል እንደሚተልቅ ዓይንዎን ያስለምዱ። ብዙዎቹ አዳዲስ ሌንሶች ካሜራው ጠፍቶ ሲበራ ፎከሳቸው ሊዘዋወር ስለሚችል ባበሩ ቁጥር ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ለፉጂፊልምስ?

መልስ፦ ቲቲአርቲዛን 27 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8። ክብደቱ ከ100 ግራም በታች ነው፣ አውቶፎከስና የአፐርቸር ቀለበት አለው፣ እይታውም በፉል ፍሬም ከ40 ሚሊ ሜትር ጋር ይቀራረባል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ሌንስ ከሰው እጅ ስገዛ ምን ልይ?

መልስ፦ ሁለቱንም ክዳኖች ከፍተው ከኋላ በስልክ መብራት ያብሩበትና ከፊት ለፊት አዘንብለው ይመልከቱ። ጥቂት አቧራ ፎቶውን አይጎዳም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነጭ ነገር ካዩ ግን ፈንገስ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ በከረመ ሌንስ ላይ የተለመደ ስለሆነ ቢረክስም አይግዙት። ቀጥሎ አፐርቸሩን በደንብ ከፍተው አንድን የድንጋይ ግንብ ፊት ለፊት ያንሱና አራቱን ማዕዘኖች አጉልተው ያወዳድሩ። አራቱም እኩል ከደበዘዙ የሌንሱ ባሕርይ ነው፤ አንደኛው ወገን ብቻ ከደበዘዘ ግን የውስጡ መስታወት ከቦታው ስለ ተዛነፈ ለሻጩ ይመልሱለት።

ጥያቄ፦ ለጥምቀት ይዤው ብወጣስ?

መልስ፦ ታቦታቱን አጅቦ በሚሄደው ሕዝብ መካከል 28 ወይም 35 ሚሊ ሜትር በጣም ጥሩ ነው፤ መጠጋት እንጂ መራቅ በማይቻልበት ቦታ የሚያገለግል እሱ ነውና። ከፋሲለደስ መዋኛ ማዶ ያሉትን ካህናት ለማቅረብ ግን አይሆንም። ጥር 11 ጠዋት ጸበሉ ሲረጭ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ ከእነዚህ ርካሽ ሌንሶች አብዛኞቹ ውኃ የሚከላከል ጎማ ስለሌላቸው፣ ካሜራውን በስስ ላስቲክ ሸፍነው የሌንሱን አፍ ብቻ ቢያወጡ ይበቃል።